አራት ጣት ያጠረው ወንበር

ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀው ውሃ ልክ በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት ሚስቱና መታወቂያ ወረቀቱ ብቻ ናቸው። አናጢ ነው፤ ያውም ወንበር ብቻ የሚሠራ አናጢ። በር ሥራልኝ ብሎ የመጣን ሰው፣ የሰው ማስገቢያና ማስወጫ የሚሠራ ሌላ ሞልቷል፣ የኔ ሥራ ማስቀመጥ ነው ብሎ ይሸኘዋል። ሰው ቤት ሲገባ ከሰላምታ በፊት ዓይኑ የሚያርፈው ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ፎቶ ነው። ፎቶው ትንሽ ካዘመመ ወሬው ሁሉ በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ ተነስቶ ካላቃናው ልቡ አይረጋም። ውሃ ልክ አናጢ መዝመምን የሚለይበት ባለ አረፋ መሣሪያ ነውና ቅጽል ስሙም ከዚያ መጣ። ዕድሜው ሰባ ሁለት ነው፤ አንቱታ ግን አይወድም። አንቱ ያለውን ሰው አይቶ፣ ከኋላው ሌላ ማን እንደቆመ ዘወር ብሎ ይፈልጋል። ስለዚህ እዚህም "እሱ" ይባላል፤ አይቀየምም።

ሱቁ ታች ነው፣ ቤቱ ላይ። መሃላቸው አሥራ አራት እርከን ያለው የእንጨት ደረጃ አለ፤ የሠራው እሱው ስለሆነ አንዱም እርከን ሲጢጥ አይልም። ታች እሱ ይቆርጣል፣ ይልጋል፣ በሙጫ ያጣብቃል። ላይ ደግሞ ሚስቱ በመስኮቱ አጠገብ ካለው ሰፊ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጣ የወንበሮቹን ትራስ ትሰፋለች፣ ጥጥ ትሞላለች። አርባ አንድ ዓመት እንዲህ ኖሩ። የራሳቸው ቋንቋም ነበራቸው። እሷ ወለሉን በእግሯ ሁለት ጊዜ ከመታች ሻይ ፈልቷል ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ከመታች፣ የትራሱ ልክና የወንበሩ ልክ አልገጠመምና መጥተህ እይ ማለት ነው፤ ያኔ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለመለየት ግማሽ ሰዓት ይከራከራሉ። ብዙ ጊዜ የሱ አይሆንም። ሲሆን ግን ለሦስት ቀን ታነሳበታለች።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ሚስቱ "ጉልበቴን፣ ጉልበቴን" ማለት አበዛች። ይህ ጉልበት የሚሉት ደግሞ መከረኛ ቃል ነው፤ የእግር መታጠፊያውም ጉልበት፣ አቅምም ጉልበት። የትኛውን ነው ብሎ መጠየቅ ይገባ ነበር። ውሃ ልክ ግን አናጢ ነውና የታየው መታጠፊያው ብቻ ነው። ቅባት ገዝቶ ከእራት በኋላ ጉልበቷን ያሽላት ጀመር። እሷም አንዳንዴ "ትንሽ ተሻለኝ" ትለዋለች፤ የሚለፋን ሰው ምን ይሉታል።

ቅባቱ አንድ ብልቃጥ አልቆ ሁለተኛው ሲጋመስ፣ የዚህ ሁሉ ጦስ ወንበሩ ነው ብሎ ደመደመ። ሚስቱ አጭር ናት፤ ስትቀመጥ ተረከዟ ወለል አይነካም። እግሯ ተንጠልጥሎ እየዋለ ነው ጉልበቷን ያመማት ብሎ አመነ፣ ሳይነግራት ሊያስደስታትም ፈለገ። እህቷን ልትጠይቅ በወጣች ቀን ወንበሯን ወደ ሱቁ አወረደና ከአራቱም እግር አራት አራት ጣት ቆረጠ። ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ፣ ቀለም ቀባ፣ የውሃ ልኩ አረፋ መሃል ላይ እስኪቆም ድረስ አስተካከለ። አርባ አራት ሳንቲም የነበረው ሠላሳ ስድስት ሆነ። መጥታ ስትቀመጥበት እግሯ ወለሉን ሙሉ ለሙሉ ረገጠ።

"እሰይ፣ እጅህ ይባረክ" አለችው።

ሰውየው ያን ቀን በደስታ ያልዘለለው ጣሪያው ዝቅ ስለሚል ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሚስቱ ከወንበሯ መነሳት ተወች። በወጣ ቁጥር ተቀምጣ ያገኛታል። ትቷት ሲወርድ ተቀምጣ፣ ሲመለስ ተቀምጣ። ሻዩንም ቀስ በቀስ እሱ ራሱ ማፍላት ጀመረ፤ ሁለት ጊዜ የሚመታው እግርም ጠፋ። ይህን ሁሉ አይቶ ምን ቢያስብ ጥሩ ነው? ኮራ። ለደንበኛው ሁሉ፣ ለሚስቴ የሠራሁላትን ወንበር እንዴት እንደወደደችው ብታይ፣ ከሱ መነሳት አትፈልግም ይላል። ሁለት ደንበኞችም እንደሷ ዓይነት ዝቅ ያለ ወንበር አዘዙት፤ ሠራላቸው። ጉልበታቸውን ይጠብቅላቸው።

አንድ ረፋድ ላይ ታች ሆኖ የወንበር እግር ሲልግ ከላይ አንድ ድምፅ ሰማ። ሁለት ቢሆን ሻይ ነው፣ ሦስት ቢሆን ክርክር ነው፤ አንድ የሚባል ነገር ግን በመካከላቸው አልነበረም። መላጊያውን ጥሎ ደረጃውን በሦስት በሦስት እየዘለለ ወጣ። ሚስቱ በጎኗ ወለሉ ላይ ወድቃለች፣ ጠረጴዛው ደግሞ ከቦታው ሸሽቶ ግድግዳው ጋ ደርሷል። አጥንት አልተሰበረም፤ የእጇ አንጓ ግን ወዲያው አበጠ። ጨርቅ አዳልጦኝ ነው አለችው። ጨርቁ በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ የሦስት ሰዓት መንገድ ርቃ የምትኖር የትምህርት ቤት ጸሐፊ። በማግስቱ ደረሰች። ደግ ልጅ ናት፤ ደግነቷ ግን እንደ ሥራዋ ነው፣ ሁሉንም ነገር በየፋይሉ ካላስቀመጠች አይሆንላትም። እማዬን እወስዳታለሁ አለች። ቤቷ ደረጃ የለውም፤ ልጆቿ ክፍል ውስጥም አንድ አልጋ ይገባል። አንድ ብቻ። ሁለተኛ አልጋ እንደማይገባ ሜትር ይዛ ለክታለች፤ የአናጢ ልጅ አይደለች እንዴ። አባዬ አንተ ደህና ነህ፣ ደረጃውን እንደ ጎረምሳ ትወጣለህ፣ ሱቅህም እዚህ ነው፣ በየወሩ እየመጣህ ታያታለህ አለችው።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ ውሃ ልክ ግን ሚስቱን መዳብ ብሎ እንኳን ቆጥሯት አያውቅም ነበር። ከላይ አለች፤ በቃ። ሰው ጣሪያውን በየቀኑ ቀና ብሎ አያመሰግንም። ሚስቱን ሲያያት ያበጠ እጇን በደህናው እጇ ይዛ ወለሉን ታያለች። አልሄድም አላለችም፣ እሄዳለሁም አላለችም። ልጅቷን ሦስት ወር ስጪኝ አላት።

ልጅቷም በከንቱ አልሰጠችውም። አንጓውን ያየው ሐኪም ለሷ የነገራት ፈተና ነበር፤ እናቷ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ከተራ ወንበር አምስት ጊዜ ተነስታ ከተቀመጠች፣ ደረጃውንም ብቻዋን ወርዳ ከወጣች ትቀራለች። ካልቻለች በሦስተኛው ወር መጨረሻ ልጅቷ ሻንጣ ይዛ መጥታ ትወስዳታለች። ይህን ብላ አባቷን ስማው ሄደች።

ሐኪሙ የመራቸው በሰውነት እንቅስቃሴ ወደሚያክመው የፊዚዮቴራፒ ክፍል ነው። ባለሙያዋ የልጅ ልጃቸው ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። ሚስቱን አስቀምጣ ስታበቃ ለሱም ሌላ ወንበር አቀረበችለት። እኔ አጃቢ ነኝ ቢላት፣ አጃቢም ይቀመጣል አለችው። እጃቸውን አጣምረው በግማሽ ደቂቃ ውስጥ የቻሉትን ያህል እንዲነሱና እንዲቀመጡ አዘዘች። እሱ አሥራ አምስት ጊዜ ተነሳ። ሚስቱ ሁለቴ ተነስታ በሦስተኛው ከመሃል ወደ ኋላ ተመለሰች። አዘነላት፤ ግን እውነቱን እንናገር፣ በአሥራ አምስቱ ደረቱ ነፋ ብሎ ነበር። ቀጥሎ ባለሙያዋ ሁለቱንም አልጋ ላይ አውጥታ፣ እግራቸውን ዘርግተው የእግራቸውን ጣት እንዲይዙ ነገረቻቸው። ሚስቱ የወደቀ መርፌ የምታነሳ ይመስል ጎንበስ ብላ ያዘች። የሱ እጅ ከጉልበቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቆመ፤ ፊቱ በርበሬ እስኪመስል ቢገፋም አንዲት ጣት አልጨመረም። የተነፋውም ደረት እዚያው ተነፈሰ።

ባለሙያዋ እንደ ትልቅ ሰው ረጋ ብላ አስረዳቻቸው። ወንድና ሴት ሲያረጁ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት አያረጁም። ወንዱ ሲጀመርም ጡንቻው ብዙ ነው፤ ቢቀንስም ለመነሳት ይበቃዋል። ጅማቱና የኋላ ጭኑ ግን እየደረቀ ጎንበስ ማለት ያቅተዋል። የሴቷ መገጣጠሚያ እንደተለሳለሰ ይቆያል፤ የወር አበባ ከቆመ ወዲህ ግን የጭኗ ጡንቻ ይሳሳል። ያኔ ዝቅ ካለ ቦታ ስትነሳ ሸክሙ ሁሉ መታጠፊያው ላይ ያርፋል፣ ያማል። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው ማለት እንዳልሆነም ነገረቻቸው፤ እነሱ ሁለቱ ግን ከተማረችበት መጽሐፍ የወጡ ይመስላሉ። ከዚያ ወደሱ ዞራ፣ አናጢ መሆኑን ሰምታ ኖሮ፣ "የበሩ ማጠፊያ ብዙም አልተበላሸም አባባ፤ የደከመው በሩን የሚገፋው ነው" አለችው። ዓመት ሙሉ ማጠፊያውን ቅባት ሲቀባ የኖረ ሰው አንገቱን ደፋ።

"ቤት ውስጥ የሚቀመጡበት ወንበር ቁመቱ ስንት ነው?" ብላ ጠየቀች ባለሙያዋ።

እዚህ ላይ ውሃ ልክ ቀና አለ። ቁመት ከተጠየቀማ እሱ አለ። ሠላሳ ስድስት ሳንቲም፣ አርባ አራት ነበር፣ እግሯ ወለል እንዲረግጥ እኔው ነኝ አራት ጣት ያሳጠርኩላት አለ። ባለሙያዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ወደ ሚስቱ አየች። ሚስቱ ጣቶቿን ታይ ነበር። ወንበር ባጠረ ቁጥር ለመነሳት የሚያስፈልገው አቅም እንደሚጨምር ባለሙያዋ በቀስታ ስትናገር፣ እሱ ቀድሞ ገብቶታል። ያ ሁሉ ተቀምጦ መዋል፣ ያ የጠፋው ሻይ፣ ያ ተደግፋው ልትነሳ ስትል የሸሸው ጠረጴዛ፣ ያ ሁሉ ጉራ። መነሳት ስላልፈለገች አልነበረም።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አላት።

"ደስ ብሎህ ነበር" አለችው።

ከዚያ በኋላ ባለሙያዋ የነገረቻቸውን ልምምድ ሁሉ ወረቀት ላይ ባትጽፍላቸው ኖሮ አንዱንም አያስታውሰውም ነበር። ሲወጡ የጫማው ክር ተፈቶ ነበር። ሚስቱ እንደ ልማዷ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ጎንበስ ብላ አሰረችለት። እስከዛሬ ይህን እንደ ፍቅር ነበር የሚያየው፤ ጥፍሩንም እሷው ናት የምትቆርጥለት። ስንት ዓመት ሆነሽ ክሬን ስታስሪ ብሎ ጠየቃት። ጎንበስ ማለት ካቃተህ ጀምሮ ነው፣ ስምንት ዓመት ይሆናል አለችው። አቅቶኛል ብዬሽ አላውቅም አላት። አላልክም አለችና ቋጠሮውን አጠበቀችው። ጎረምሳ ነኝ ሲል የኖረው ሰው በሰው እጅ ጫማ ሲያስር መኖሩን ያን ቀን አወቀ።

ቤት እንደደረሰ ወንበሩን አወረደ። ባለሙያዋ ያለችው ግልጽ ነው፤ ከፍ ካለ ወንበር መጀመር፣ ጭኗ በጠነከረ መጠን ዝቅ ማድረግ። ሁለት ሁለት ሳንቲም ውፍረት ያላቸው ስምንት ጣውላዎች ልጎ በወንበሩ ሥር አንዱን በአንዱ ላይ በብሎን አሰራቸው። ወንበሩ ሃምሳ ሁለት ሳንቲም ሆነ። በየሦስት ሳምንቱ አንድ ጣውላ ይነሳል፤ አራቱ ሲነሱ አርባ አራት ላይ ይደርሳሉ፣ የልጃቸው ቀን ያኔ ነው። እግሯ እንዳይንጠለጠልም ዝቅ ያለ የእግር መርገጫ ሠራላት፤ ስትነሳ በተረከዟ ገፋ ታደርገዋለች። መርገጫውን ሠርቶ ሲያበቃ ቁጭ ብሎ ራሱን ታዘበ። ሃምሳ ዓመት እንጨት የቆረጠ ሰው ወንበሩን ከማሳጠር መሬቱን ከፍ ማድረግ እንደሚቻል አልታየውም ነበር።

ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት ሁለቱም ሥራ ይጀምራሉ። እሷ እጇን አጣምራ ትነሳለች፣ ስትቀመጥም ዘጭ ሳትል ቀስ ብላ ትወርዳለች። እሱ ወለሉ ላይ እግሩን ዘርግቶ ፎጣ በውስጥ እግሩ አዙሮ ይስባል፣ ያቃስታል። እሷ ከወንበሯ ላይ ሆና ትቆጥርለታለች፤ ሃያ ሊሞላ ሲል ቆጠራው ጠፋኝ ትልና እንደገና ታስጀምረዋለች። እንዲህ የሳቁበት ጠዋት ካለፈ ስንት ጊዜው እንደሆነ ሁለቱም አያስታውሱም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጣውላዎች ያለ ችግር ተነሱ። ሦስተኛው ግን እምቢ አለ። አርባ ስድስት ላይ ሲደርሱ ሚስቱ አራት ጊዜ ተነስታ አምስተኛው ላይ ጭኗ እየተንቀጠቀጠ ትመለሳለች። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አምስት ቀን። ብስጭቷ ከምግብ አስቀራት። ውሃ ልክ ማየት አቃተው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እሷ ታች ከደንበኛ ጋር ጨርቅ ስትመርጥ፣ ያነሳውን ጣውላ ይዞ ወጥቶ በቦታው መለሰው። ሁለት ሳንቲም ማን ያውቃል ብሎ ነው። ዕድሜ ልኳን ጨርቅ ስትለካ የኖረች ሴት መሆኗን ዘንግቶ። ወጥታ ተቀመጠች፣ አንድ ጊዜ ተነሳች፣ አየችው።

"አውጣው" አለችው።

ምኑን ብሎ ሊያደናግር ሞከረ።

"ያስገባኸውን። አንድ ጊዜ ዝም ብዬህ ዓመት ተኩል ተቀመጥኩ። ሁለተኛ ዝም አልልህም።"

አወጣው። ብሎኑን ሲፈታ ልቡ ሞቆት ነበር። በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ ብዙ ተቆጥታዋለች፤ እንደዚህኛው ቁጣ ግን ደስ ያለው የለም። ከዚያ ቀን በኋላ ወንበሯን ሳይጠይቃት አልነካም። እሷም የሚያማትን በስሙ ትነግረው ጀመር፤ ጭኔ ነው፣ ጉልበቴ ነው፣ ዛሬ ደግሞ ስንፍና ነው እያለች። በአሥረኛው ቀን አምስተኛውን ተነሳች፤ አራተኛው ጣውላም በጊዜው ወለቀ።

ልጃቸው በቀኑ መጣች፤ ትልቅ ሻንጣ ይዛ። ለፈተናው የእናቷን ወንበር አልተቀበለችም። ከሱቁ ለደንበኛ የተዘጋጀ ተራ ወንበር መርጣ ቁመቱን በራሷ ሜትር ለካች፤ አርባ አራት። አባቷ ወንበር ሠርቶ በሌላ ሰው ሜትር ሲለካበት የመጀመሪያው ነው፤ ዋጠው። እናትየው ጫፉ ላይ ተቀመጠች፣ እጇን አጣመረች፣ ተነሳች። ሁለት። ሦስት። አራተኛው ላይ ከወንበሩ ጥቂት ከፍ ብላ መሃል ላይ ቆመች። ወደ ላይም ወደ ታችም አልሄደችም። ውሃ ልክ እጁ ሳያስበው ተዘረጋ። እንዳይረዷት ተብሏልና መልሶ ከኋላው ቆለፈው፤ በልቡ ግን ደግፎ ያነሳት ነበር። ሚስቱ ደረቷን ወደፊት ሰጥታ ተረከዟን ተከለችና ተነሳች። አምስተኛውን ከአራተኛው ይልቅ ቀና ብላ ተነሳች።

ደረጃውንም ወርዳ ወጣች። ልጅቷ እርከኑ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ስታበቃም አፍንጫዋን ጠርጋ፣ ይህን ሻንጣ ባዶውን ልመልሰው ነው ማለት ነው አለች። ባዶ አይመለስም፣ ለልጆችሽ ሁለት ትራስ ሰፍቼልሻለሁ አለቻት እናትየው።

አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ሸኝተዋት ሲመለሱ ሁለቱም ደክሟቸው ነበር። ውሃ ልክ ሱቁ በር ላይ ቆመ። ሚስቱን አመስግኗት አያውቅም። ሻይ ስትሰጠው ይጠጣል፣ ክሩን ስታስር እግሩን ያቀርባል፤ በመካከላቸው ምስጋና የእንግዳ ነገር ነበር። ያን ቀን ግን ወደሷ ዞረ።

"አመሰግናለሁ" አላት።

ሚስቱ ደነገጠች። "ለምኑ?"

"ስለተነሳሽ።"

የደረጃውን መደገፊያ ይዛ ትንሽ አሰበች። "ለተቀመጥኩበት ዓመት ተኩልስ?"

"ለሱ ይቅርታ ነው የምልሽ።"

"ይቅርታውን እንካፈለው" አለችው። "ብነግርህ ኖሮ በማግስቱ እግሩን ትቀጥልልኝ ነበር።"

"በማግስቱ አይደለም" አላት። "በዚያው ሰዓት ነበር።"

አውቃለሁ አለችው፤ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነው ወደ ላይ ወጡ።